«የቱርክ ጋምቢት»፤ የአንድ ቴሌግራምና የአንዲት ከተማ ነገር

(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ስለ ሰላዮች የሚናገር ፊልም በተመልካች ዘንድ ሁልጊዜ የተወደደ ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። በመሥሪያ ቤትም ሆነ በአገር ላይ የደረሰ ብርቱ ጥፋት በአንድ ስውር እጅ የተሠራ ነው ሲሉን ልባችን ቶሎ ይቀበላል፤ ብዙ እጆች በቸልታ ያደረሱት ነው ሲሉን ግን ማመን ያስቸግረናል፤ ከእነዚያ እጆች አንዱ የእኛ እንዳይሆን እንፈራለንና። ዛሬ የምንነጋገርበት ፊልም በዚህ የሰው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው። ስሙ «የቱርክ ጋምቢት» ይባላል። በ2005 ዓ.ም. በሩሲያ ተሠርቶ ለሕዝብ የታየ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በ1877 እና በ1878 ዓ.ም. በሩሲያና በቱርክ መካከል በተደረገው ጦርነት ውስጥ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

«ጋምቢት» የሚለው ቃል ከሰንጠረዥ ጨዋታ የመጣ ነው። ተጫዋቹ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ አንዲት ጠጠር፣ ብዙውን ጊዜም ከሁሉ የምታንሰውን መደቅ፣ ዐውቆ ያስበላል፤ ባላጋራውም ባገኘው ጥቅም ተደስቶ እጁን ሲሰነዝር ያላሰበው ቦታ ይከፈትበታል። በፊልሙ ውስጥ ይህን ጨዋታ የሚጫወተው አንድ የቱርክ ሰላይ ነው። ገበታው የቡልጋሪያ ምድር ሲሆን የሚበሉትና የሚያስበሉት ሕያዋን ሰዎች ናቸው።

ፊልሙ የተወሰደው በ1998 ዓ.ም. ከታተመ መጽሐፍ ሲሆን፣ ደራሲው ቦሪስ አኩኒን በሚባል የብዕር ስም የሚታወቀው ግሪጎሪ ችሐርቲሽቪሊ ነው። በጆርጂያ የተወለደና የጃፓንን ሥነ ጽሑፍ ወደ ሩስኛ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው፤ «አኩኒን» የሚለውንም ስም ያገኘው ከጃፓንኛ ሲሆን ትርጓሜው ክፉ ሰው ማለት ነው። ይህ ደራሲ ኤራስት ፋንዶሪን የሚባል መርማሪ ፈጥሮ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በነበረችው ሩሲያ ውስጥ ከአንዱ ምሥጢር ወደ አንዱ ምሥጢር ሲያዘዋውረው ቆይቷል። «የቱርክ ጋምቢት» ከእነዚህ መጻሕፍት ሁለተኛው ነው። የፊልሙንም ድርሰት ያዘጋጀው ራሱ ደራሲው ሲሆን፣ የፊልሙ አዘጋጅ ጃኒክ ፋይዚየቭ ነው። በታየበት ዓመት በሩሲያ ሲኒማ ቤቶች እጅግ ብዙ ሕዝብ ከተመለከታቸው ፊልሞች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ደራሲው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአገሩ ውጭ የሚኖር ሲሆን፣ ሩሲያ በዩክሬን ላይ የከፈተችውን ጦርነት በመንቀፉ በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ስሙ በአሸባሪዎች መዝገብ ገብቶ መጻሕፍቱ ከአገሩ መደብሮች እንዲነሡ ተደርጓል። በሐሰት ስለ ተከሰሰ ሰው የጻፈ ደራሲ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስገርማል።

የፊልሙ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቫርቫራ ሱቮሮቫ የምትባል፣ የዘመኑን አዲስ አስተሳሰብ የያዘች አንዲት የሩሲያ ወጣት፣ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ እጮኛዋ ወደሚገኝበት የጦር ሰፈር በቡልጋሪያ በኩል ትጓዛለች። እጮኛዋ ፒዮትር ያብሎኮቭ በጠቅላይ ሰፈሩ የምሥጢር ጽሕፈት ሠራተኛ ነው። መሪዋ በመንገድ ላይ ከድቷት ብቻዋን በቀረች ጊዜ ከፋንዶሪን ጋር ትገናኛለች። ፋንዶሪን ለሰርቦች ሊዋጋ በገዛ ፈቃዱ ዘምቶ በቱርኮች እጅ የተማረከ፣ በሃያ አንድ ዓመቱ የጆሮ ግንዱ የሸበተ፣ ሲናገር የሚንተባተብ ሰው ነው፤ በዕድል ጨዋታ ግን ተሸንፎ አያውቅም። ከምርኮ ወጥቶ ሲመጣ የያዘው ወሬ እጅግ ከባድ ነው፤ ይኸውም የቱርኩ አዛዥ ኦስማን ፓሻ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ፕሌቭና ከተማ በመገሥገሥ ላይ መሆናቸው ነው።

ወሬው ለበላዮች እንደ ደረሰ፣ ፕሌቭና በፍጥነት እንድትያዝ ትእዛዝ ይወጣል። ትእዛዙም በምሥጢር ጽሕፈት ተለውጦ በቴሌግራፍ እንዲተላለፍ ለያብሎኮቭ ይሰጠዋል። ያብሎኮቭ ሥራውን እንደ ጀመረ እጮኛው መምጣቷን ይነግሩታል። እሱም በደስታ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትቶ ይወጣል፤ ተመልሶም የቀረውን ቸኩሎ ይጨርሰዋል። ሠራዊቱ ሄዶ የያዘው ከተማ ግን ፕሌቭና ሳይሆን ኒኮፖል ሆኖ ተገኘ። በወረቀቱ ላይ የአንዱ ከተማ ስም በሌላው ተተክቷል።

አብዛኛውን ቀን ከወረቀትና ከማኅተም ጋር ለምንውል ሰዎች፣ ከመድፉ ድምፅና ከፈረሰኛው ግልቢያ ሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ቦታ ይመስለኛል። ያብሎኮቭ ጉቦ አልበላም፤ አገሩን አልከዳም፤ ሰነፍም አይደለም። ያደረገው ነገር ከመካከላችን ያላደረገው ሰው ቢገኝ ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ጠረጴዛውን ክፍት ትቶ ወጣ። የእጅ ጽሕፈቱ የሱ ነው፤ ፊርማው የሱ ነው፤ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ሰዓት የሱ የሥራ ሰዓት ነው። ስለዚህ ማስረጃ ሁሉ በእሱ ላይ ይመሰክራል፤ በጦር ሜዳ ሕግ መሠረትም የሚጠብቀው ገመድ ነው። ቫርቫራ እጮኛዋን ከስቅላት ለማዳን ከፋንዶሪን ጋር ሆና በሰፈሩ ካሉት መኰንኖችና ጋዜጠኞች መካከል እውነተኛውን ሰላይ ስትፈልግ እናያለን። ሰላዩ አንዋር ኤፌንዲ እንደሚባል ይታወቃል፤ በማን መልክ ተሰውሮ እንዳለ ግን አይታወቅም።

ይህን የሰላዩን ማንነት እኔም እዚህ አልገልጽም። መጽሐፉን ያነበበ ሰውም ቢሆን መልሱን ዐውቃለሁ ብሎ አይመካ፤ በመጽሐፉ ሰላይ ሆኖ የሚገኘው ሰው በፊልሙ ንጹሕ ሆኖ፣ ጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ያርፋልና። ደራሲው የገዛ ሥራውን እንዲህ ሲገለብጥ አንባቢዎቹን አታልሏል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ተመልካቹ በሲኒማ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ አዲስ እንዲጠራጠር ያደረገው መልካም ዘዴ ነው እላለሁ።

እንግዲህ ወደ እውነተኛው ታሪክ እንለፍ። በ1875 ዓ.ም. በሄርዞጎቪናና በቦስኒያ፣ በ1876 ዓ.ም. ጸደይ ደግሞ በቡልጋሪያ በቱርክ አገዛዝ ላይ ዐመፅ ተነሣ። የቡልጋሪያው ዐመፅ በታላቅ ጭካኔ ተደመሰሰ፤ ባታክ በምትባለው ከተማ የተፈጸመውን እልቂት ጃኑዋሪየስ ማክጋሃን የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በለንደን ጋዜጣ ላይ አውጥቶ አውሮጳን ሁሉ አስደነገጠ። ሰርቢያ ተዋግታ ተሸነፈች። በቁስጥንጥንያ የታላላቅ መንግሥታት ጉባኤ ተደርጎ ፍሬ አላፈራም። በዚያው ሰሞን ሚድሐት ፓሻ የተባሉት የቱርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ለአገራቸው ሕገ መንግሥት አሳውጀው ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈዩ ሱልጣኑ ከአገር አስወጧቸው። በመጨረሻም ኤፕሪል 24 ቀን 1877 ዓ.ም. ሩሲያ ጦርነት ዐወጀች።

የሩሲያ ሠራዊት መጀመሪያ የሠራው ሥራ ግን በምሥጢር ጥበቃ የሚመሰገን ነበር። የዳኑብን ወንዝ የት እንደሚሻገር ለማንም ሳይታወቅ፣ ጁን 27 ቀን የጄኔራል ድራጎሚሮቭ ክፍለ ጦር ስቪሽቶቭ በተባለው ቦታ በጀልባ ተሻግሮ ማዶውን ያዘ። ከዚህ አስቀድሞም ኮሎኔል ፓሬንሶቭ የሚባሉ መኰንን ወደ ሩማንያ ተልከው፣ በዳኑብ ዳር ስላለው የቱርክ ጦር ብዛትና አሰፋፈር ከቡልጋሪያ ነጋዴዎችና ከሌሎችም እየጠየቁ ወሬ ሲሰበስቡ ቈይተዋል። እኒህ ሰው ኋላ የአዲሲቱ ቡልጋሪያ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነዋል። እውነተኛው የሰላይነት ሥራ ባመዛኙ ይህን የመሰለ ነው። የእህል ነጋዴ ስንት ከረጢት ዱቄት ለየትኛው ምሽግ እንደ ሸጠ መጠየቅ ነው፤ ተመልካችን በወንበሩ ጫፍ የሚያስቀምጥ ነገር ስለሌለው በሲኒማ አይታይም።

ወንዙን እንዲህ ባለ ብልሃት የተሻገረው ሠራዊት ብዙ ሳይቈይ ያጋጠመው ነገር ያሳዝናል። ኒኮፖል በወንዙ ዳር ያለች ምሽግ ስትሆን፣ ሩሲያውያን ከሠሩት ድልድይ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ እሷን መያዝ በስሕተት ወይም በሰላይ ተንኰል የታሰበ አልነበረም፤ ድልድዩን ለመጠበቅ የተገባ ሥራ ነበር። ጄኔራል ክሩድነርም ጁላይ 16 ቀን ያዟት፤ ብዙ ሺህ ቱርኮችንም ማረኩ። ፕሌቭና ከዚያ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። የመንገዶች መጋጠሚያ መሆኗን የሩሲያ ጠቅላይ ሰፈር በካርታው ላይ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ከኒኮፖል በኋላ ጊዜ ባከነ፤ በስተ ምዕራብ በቪዲን በኩል የሚመጣ ጠላት መኖሩን ፈረሰኛው በሚገባ አልመረመረም። ኦስማን ፓሻ ደግሞ ከቪዲን ተነሥተው፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በበጋው ሐሩር በስድስት ቀን ገሥግሠው፣ ጁላይ 19 ቀን ፕሌቭና ገቡ። በማግሥቱ የሩሲያ ጦር፣ ፊቱ ያለው ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ሳያውቅ ተከፋፍሎ አጠቃ፤ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰውም አጥቶ ተመለሰ።

እንግዲህ በፊልሙና በታሪኩ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ቴሌግራሙን በማስለወጥ ጄኔራሎቹን ይምራቸዋል። ትእዛዙ ልክ ነበር፤ አዛዡም ብልህ ነበሩ፤ ያበላሸው ግን ባዕድ እጅ ነው ይለናል። ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት አያደርግም። ፕሌቭናን ለቱርኮች የሰጣት አንድ የተለወጠ ቃል አይደለም፤ እያንዳንዱ የበላይ የበታቹ ያየዋል፣ እያንዳንዱም የበታች የበላዩ ያውቀዋል ብሎ የተወው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ጥፋት በምርመራ ቢፈልጉት በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አይገኝም። ስለዚህም የሚሰቀል ሰው አይገኝለትም፤ ምናልባት ልብ ወለድ ደራሲዎች የሚጠሉት ስለዚህ ይሆናል።

ጁላይ 30 ቀን ሁለተኛ ጊዜ ተዋጉ፤ በዚህም ጊዜ 7,000 ገደማ የሩሲያ ወታደር ሞተ ወይም ቈሰለ። ኦስማን ፓሻ በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ውስጥ በከተማዋ ዙሪያ የዐፈር ምሽግ አስቈፍረው ነበር። የቱርክ ወታደርም የያዘው መሣሪያ ከሩሲያው የተሻለ ነበር፤ ከሩቅ በአሜሪካ የተሠራውን ፒቦዲ ማርቲኒ ይተኩሳል፤ ጠላት ሲቀርብ ደግሞ ጥይቱን በተከታታይ የሚያጎርሰውን ዊንቸስተር ያነሣል። የሩሲያ እግረኛ የያዘው የክርንካ ጠመንጃ በርቀት ከዚህ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በጠመንጃ ግዢ መዝገብ ላይ የሚደረግ ክርክር በኋላ በሜዳ ላይ በሰው ሕይወት እንደሚከፈል ከፕሌቭና ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ስፍራ ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁለተኛ ሽንፈት በኋላ አንድ ቴሌግራም ተላከ። ይህኛው ደራሲ የፈጠረው አይደለም፤ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የሩማንያው መስፍን ካሮል ሠራዊታቸውን ከሩሲያ ጎን ለማሰለፍ ቢጠይቁ፣ የሩሲያ መንግሥት የእናንተ እርዳታ አያስፈልገንም የሚል ኵራት ያለበት መልስ ሰጥቶ ነበር። አሁን ግን የሩሲያ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የነበሩት ታላቁ መስፍን ኒኮላይ፣ የቄሣሩ ወንድም፣ ቱርኮች እያጠፉን ነውና ዳኑብን ተሻግራችሁ ድረሱልን የሚል ልመና ለመስፍን ካሮል በቴሌግራፍ ላኩ። ሩማንያውያን ተሻገሩ፤ መስፍኑም በፕሌቭና ፊት የተሰበሰበው የሁለቱ አገሮች ጦር አዛዥ ሆኑ። በጦርነቱ መጨረሻ ግን ሩሲያ የደቡብ ቤሳራቢያን ምድር ከዚህችው ከረዳቻት አገር ላይ ወሰደች። ለእኔ ይህ እውነተኛ ቴሌግራም ከፊልሙ ሐሰተኛ ቴሌግራም ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ማንም አልበረዘውም፤ እንደ ተጻፈ ደረሰ፤ እንደ ተጻፈም ተነበበ።

ሴፕቴምበር 11 ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ተዋጉ። ዕለቱ የቄሣሩ የዳግማዊ አሌክሳንድር ስመ በዓል ስለ ነበረ ቄሣሩ ራሳቸው በኮረብታ ላይ ሆነው ይመለከቱ ነበር። ሁልጊዜ ነጭ ልብስ ለብሰው በነጭ ፈረስ የሚዋጉት ጄኔራል ስኮቤሌቭ በደቡብ በኩል ሁለት ምሽጎችን ያዙ፤ ረዳት ጦር ግን ስላልተላከላቸው በማግሥቱ ለቀው ወጡ። የሩሲያና የሩማንያ ጉዳት በአንድነት ከ15,000 ሰው በላይ ሆነ። ከዚህ በኋላ ነው በሴባስቶፖል መከላከል ስማቸው የገነነው ሽማግሌው ጄኔራል ቶትለቤን ተጠርተው፣ ፕሌቭና በጥይት ሳይሆን በረኀብ እንድትያዝ ያደረጉት።

ፊልሙ ከእነዚህ እውነተኛ ሰዎች ብዙ ተበድሯል። በፊልሙ ነጭ ለባሹ ጄኔራል ሶቦሌቭ የሚባለው ስኮቤሌቭን፣ የፖሊስና የምሥጢር ጉዳይ አዛዥ የሆነው ሚዚኖቭም በ1878 ዓ.ም. በፒተርስቡርግ መንገድ ላይ የተገደሉትን ጄኔራል ሜዜንሶቭን ያስታውሳል። የአንድ ፊደል ወይም የሁለት ፊደል ለውጥ ብቻ በማድረግ ደራሲው ሁለት ነገር አግኝቷል፤ አንባቢው ሰውዬውን ያውቀዋል፤ የሰውዬው ታሪክ ግን ደራሲውን አያስረውም።

የውጭ አገር ጋዜጠኞች በፊልሙ ሰፈር ውስጥ መብዛታቸው የተጋነነ የሚመስለው ተመልካች ይኖር ይሆናል፤ እንዲያውም የተጋነነ አይደለም። ይህ ጦርነት የጦር ጋዜጠኞች ጦርነት ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በሺፕካ መተላለፊያ ብርቱ ውጊያ በተደረገ ጊዜ፣ አርቺባልድ ፎርብስ የሚባል የእንግሊዝ ጋዜጣ ወሬ ነጋሪ ውጊያውን ተመልክቶ፣ ፈረሱን እየለወጠ ጋልቦ ወደ ቄሣሩ ሰፈር ደረሰ። መተላለፊያው እንዳልተለቀቀ ለቄሣሩ የነገራቸው እሱ ነው፤ የራሳቸው መልእክተኞች ገና አልደረሱም ነበር። ከዚያም ወደ ቡካሬስት ጋልቦ ወሬውን ወደ ለንደን አስተላለፈ። ስለዚህ ፊልሙ ጋዜጠኞችን ከተጠርጣሪዎች መካከል ሲያቆማቸው ትክክል ነው፤ ወደ ሁሉ ድንኳን የሚገቡ፣ ሁሉን የሚጠይቁ፣ የሚጽፉትም ነገር ቶሎ ሩቅ አገር የሚደርስ ሰዎች ነበሩ። ማክጋሃን ራሱ ጦርነቱ እንዳበቃ በ1878 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ በተስቦ በሽታ ሞተ።

በሰፈሩ ከነበሩት ሰዎች ፊልሙ የረሳው አንድ ሰው ሠዓሊው ቫሲሊ ቬሬሽቻጊን ነው። በዳኑብ ላይ ቈሰለ፤ ወንድሙም በሦስተኛው የፕሌቭና ውጊያ ሞተ። ከጦርነቱ በኋላ የሠራው አንድ ሥዕል በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ በመጀመሪያው አንድ ዘበኛ በበረዶ ውስጥ ቆሟል፤ በሁለተኛው በረዶው ከጉልበቱ አልፎ ተጎንብሷል፤ በሦስተኛው የበረዶ ክምር ብቻ ይታያል። የሥዕሉ ርእስ «በሺፕካ ሁሉም ጸጥ ያለ ነው» የሚል ነው፤ ይህም አዛዦቹ ወደ ላይ ሲልኩት የነበረው የዘወትር ራፖር ነው። ፊልሙ በአንድ የሐሰት ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ሲናገር፣ ሠዓሊው በእውነተኛ ራፖር ውስጥ ያለውን ሐሰት በሦስት ሸራ ጨርሶታል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚነካን አንድ ነገር በዚህ ጦርነት ውስጥ አለ። ከሱልጣኑ ሥር ካሉ አገሮች ሁሉ ለቱርክ የሚረዳ ጦር ተጠርቶ በነበረ ጊዜ፣ የግብጹ ገዢ ኬዲቭ እስማኤልም አንድ ጦር ወደ ቡልጋሪያ ልከዋል። አዛዡ ልጃቸው ልዑል ሐሰን ነበሩ። እኒህ ልዑል ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1876 ዓ.ም. ማርች ወር፣ ዐፄ ዮሐንስ የግብጽን ጦር ድል ባደረጉበት በጉራ ጦርነት ላይ ከተሸነፈው ጦር ጋር ነበሩ። ካየሁት ፊልም ውስጥ ስለ ግብጾቹ ምንም አልተነሣም፤ ቢነሣ ኖሮ የእኛ ተመልካች በወንበሩ ላይ ቀና ማለቱ አይቀርም ነበር።

ፊልሙን እንደ ፊልም ስንመዝነው የሚመሰገንበት ብዙ አለው። የተነሣው በቡልጋሪያ ምድር ጭምር ስለ ሆነ ኮረብታውና ብርሃኑ እውነተኛ ነው፤ የወታደሩ ልብስ፣ የድንኳኑ እቃ፣ የመኰንኖቹ አነጋገር በጥንቃቄ ተዘጋጅቷል። ስለ ጦርነት የሚናገሩ ብዙ ፊልሞች ጠላትን ሰው እንዳልሆነ አድርገው ያሳያሉ፤ ይህ ግን ለቱርኩ ሰላይ አእምሮና ዓላማ ሰጥቶታል። በመጽሐፉ እንደ ተጻፈው አንዋር ኤፌንዲ የሚድሐት ፓሻ ወገን፣ አገሩ በሕግና በትምህርት እንድትሻሻል የሚመኝ ሰው ነው። የማይወደው ነገር ቢኖር የሰው ሕይወት ዋጋ መሆኑን እያወቀ መክፈሉ ነው። የሚነቀፍበትም አለ። ጥይት ከአፈ ሙዝ ወጥቶ ሲበር የሚያሳየውን የኮምፒዩተር ሥዕል አዘጋጁ እንደ አዲስ መጫወቻ ይደጋግመዋል፤ ቫርቫራም በመጽሐፉ ውስጥ ካላት የሰላ አስተያየት ብዙው ተቀንሶባታል። በመጽሐፉ ጦርነቱን የምናየው በእሷ ዐይን ነው፤ በፊልሙ ግን እሷን የምናያት በሌሎች ዐይን ነው። ይህ ለአንዲት ጠባየ ብርቱ ሴት የተገባ አይመስለኝም።

የሰላዩ ታላቅ አሳብ ምን እንደ ሆነ መናገር ግን ምሥጢሩን ማውጣት አይሆንም። ፕሌቭና ለእሱ የጨዋታው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለችም። የሚፈልገው ሩሲያ አሸንፋ፣ ወደ ቁስጥንጥንያ በር እጅግ እንድትቀርብ ነው፤ ያን ጊዜ እንግሊዝና ሌሎች መንግሥታት ይነሡባታልና። እዚህ ላይ ደራሲው ከታሪክ ጋር ተስማምቷል። በ1878 ዓ.ም. መጀመሪያ የሩሲያ ጦር ኤዲርኔን ይዞ ወደ ዋናው ከተማ ሲቀርብ፣ በፌብሩዋሪ ወር የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ዳርዳኔልን አልፈው ገቡ። ማርች 3 ቀን በሳን ስቴፋኖ የተፈረመው ውል ሰፊ ቡልጋሪያን ፈጥሮ ነበር፤ በበጋው በበርሊን የተሰበሰበው ጉባኤ ግን ያችን ቡልጋሪያ ቈራረጣት፤ ኦስትሪያ ቦስኒያን እንድታስተዳድር ተፈቀደላት፤ እንግሊዝም ቆጵሮስን አገኘች። ሁለቱም ያን ጦርነት አልተዋጉም። ለዚህ ሁሉ ሰላይ አላስፈለገም፤ በሎንዶንና በቪየና ያሉ ሚኒስትሮች በግልጽ የሠሩት ነው። ሚድሐት ፓሻ ራሳቸው በ1884 ዓ.ም. በዐረብ አገር በጣይፍ እስር ቤት ተገደሉ።

ኦስማን ፓሻ አምስት ወር ገደማ ከተከላከሉ በኋላ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1877 ዓ.ም. ከበባውን ጥሰው ለመውጣት ሞከሩ፤ በእግራቸው ቈስለው ከ40,000 በላይ ከሚሆነው ሠራዊታቸው ጋር እጃቸውን ሰጡ። ቄሣሩም ስለ ጀግንነታቸው ሰይፋቸውን መልሰው ሰጧቸው። ምርኮኞቹ ወታደሮች ግን ይህን የመሰለ ክብር አላገኙም፤ ብዙዎቹ በዚያ ክረምት በመንገድ ላይ በብርድና በረኀብ አለቁ። ፓሻው ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1900 ዓ.ም. በክብር አረፉ፤ መቃብራቸውም በኢስታንቡል በፋቲሕ መስጊድ ግቢ ይገኛል።

ከተማዋ ዛሬ ፕሌቨን ትባላለች። በ1977 ዓ.ም. ዲሴምበር 10 ቀን፣ መቶኛው ዓመት በተፈጸመበት ዕለት፣ ጦርነቱን የሚያሳይ አንድ ታላቅ ክብ የሥዕል አዳራሽ በጦር ሜዳው ላይ ተመርቋል። ሥዕሉ 115 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ተመልካቹ በመካከል ቆሞ ዙሪያውን ያያል። በዋናው ሸራ ላይ የተሣለው ከተማዋ የተያዘችበት የድል ቀን አይደለም፤ ሦስተኛውና ያልተሳካው ውጊያ ነው። ስኮቤሌቭ በነጭ ፈረሳቸው ላይ ይታያሉ፤ ጭሱና ምሽጉ፣ የወደቁትም ሰዎች ይታያሉ። ጠረጴዛና ወረቀት ግን በሥዕሉ ላይ የለም።